የሕፃናት ሥዕልና የእጅ ሥራ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ከግልባጭ ወደ ፈጠራ የተደረገው ጉዞ

መግቢያ

በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሥርዓት የታወቀ ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ ቤት ይሥላል። ጣሪያው ሦስት ማዕዘን፣ ግድግዳው አራት ማዕዘን፣ በሩ በመካከል፣ መስኮቱ በግራና በቀኝ ይሆናል። ተማሪዎቹም ያንኑ በየደብተራቸው ይገለብጣሉ። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ስድሳ ተማሪዎች ስድሳ ቤቶች ሠርተዋል፤ ነገር ግን ከስድሳዎቹ መካከል የአንዱም ተማሪ ቤት የለበትም። በሣር ክዳን ጎጆ የሚኖረውም፣ በቆርቆሮ ክዳን ቤት የሚኖረውም፣ ከከብቶች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረውም የሣሉት የመምህሩን ቤት ነው።

ይህ ልማድ ከመምህራን ስንፍና የመጣ አይደለም። ረጅም ታሪክ ያለው፣ በጊዜውም በቂ ምክንያት የነበረው የማስተማር ዘዴ ነው። እንዲሁም ልጆች የራሳቸውን ሥራ እንዲሠሩ የሚያደርገው ዘዴ በአንድ ቀን የተገኘ ሳይሆን ከመቶ ዓመት በላይ በፈጀ ፈተና፣ ስሕተትና እርማት የተገኘ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጉዞ በአጭሩ መከተል ነው። በጉዞው ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በሕፃኑ ሥራ ላይ የሚታየው የማን እጅ ነው? የሚለው ነው።

ሥዕል ለእጅና ለዓይን ማሠልጠኛ

ሥዕል በሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መቆጠር የጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። መንገዱን ከጠረጉት አንዱ የስዊዘርላንዱ የትምህርት ሊቅ ዮሐን ሃይንሪክ ፔስታሎዚ (እ.ኤ.አ. 1746–1827) ነበር። ፔስታሎዚ ሕፃን ልጅ ከቃሉ አስቀድሞ ነገሩን በዓይኑ ማየት አለበት ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ሥዕል ከጽሕፈት እንዲቀድም አስተማረ። ይሁን እንጂ ሥዕልን እንደ ፊደል ገበታ ቆጥሮ ወደ ቀጥታ መስመር፣ ወደ ማዕዘንና ወደ ቅስት ከፋፈለው። ልጁ ፊደል ቆጥሮ ወደ ንባብ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ መስመር ቆጥሮ ወደ ሥዕል ያልፋል የሚል እምነት ነበረው። በመሆኑም ብዙው ልጅ መስመር እንደ ቆጠረ ቀረ።

ከፔስታሎዚ ዘንድ በኢቬርዶን ተቀምጦ የተማረው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል (እ.ኤ.አ. 1782–1852) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት ተቋም ከፈተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ኪንደርጋርተን፣ ማለትም የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ብሎ ሰየመው። ፍሮበል ለሕፃናቱ ኳስ፣ ድቡልቡልና ባለ ስድስት ገጽ እንጨቶችን ሰጠ፤ ወረቀት ማጠፍን፣ መቁረጥን፣ መሸመንንና ጭቃ ማድቦልቦልን የትምህርቱ አካል አደረገ። ዛሬ በመጀመሪያ ክፍሎች የሚሠሩት የወረቀትና የጭቃ ሥራዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ወደ ፍሮበል ይመለሳል። ነገር ግን በተከታዮቹ እጅ ይህም ቢሆን በደረጃ የተቀመጠ፣ መምህሯ ባሳየችው መንገድ ብቻ የሚሠራ ልምምድ ወደ መሆን አዘነበለ።

ግልባጭን የመንግሥት ሕግ ያደረገው ግን የፋብሪካው ዘመን ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ባለ ኢንዱስትሪዎች ሸቀጣቸው ከአውሮፓ ሸቀጥ ጋር መወዳደር እንዲችል፣ ንድፍ ማንበብና መንደፍ የሚችል ሠራተኛ እንዲሠለጥንላቸው ጠየቁ። በዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1870 ሥዕል በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግዴታ እንዲሆን ተደነገገ። ከ10,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞችም ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ለሆናቸው ሰዎች የኢንዱስትሪ ንድፍ በነፃ እንዲያስተምሩ ታዘዙ። በተከታዩ ዓመት ከእንግሊዝ አገር የመጣው ዋልተር ስሚዝ ያዘጋጀው ትምህርት ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድ፣ ከካርድና ከሰሌዳ የሚገለበጥ ነበር። ጽሕፈት የሚችል ሰው ሁሉ ሥዕል ይችላል፣ ተራው የክፍል መምህርም ሊያስተምረው ይችላል የሚለው አሳቡ ለብዙኃኑ ልጆች በር የከፈተ ትልቅ ቁም ነገር ነበር። የጎደለው ልጁ ራሱ ነው። በሥራው ላይ የሚታየው እጅ የፋብሪካው እጅ ነበርና።

የሕፃን ሥዕል መታየት ሲጀምር

ልጆች በዚህ ሁሉ ጊዜ ከክፍል ውጭ መሣላቸውን አላቋረጡም፤ የሚያይላቸው ሰው አልነበረም እንጂ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በኢጣልያ ቦሎኛ ከተማ የጥበብ ታሪክ ሊቅ የሆነው ኮራዶ ሪቺ ዝናም ሲይዘው ከአንድ ረጅም ሰገነት ሥር ተጠለለ። ግድግዳው በልጆች ሥዕል ተሞልቶ ነበር። ሪቺ ዝቅ ብለው የተሣሉት የትንንሾቹ፣ ከፍ ብለው የተሣሉት የትልልቆቹ መሆናቸውን ከቁመቱ ተረዳ፤ አሣሣሉም በቁመቱ ልክ እንደሚለወጥ አስተዋለ። ይህን ተከትሎ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1887 ስለ ሕፃናት ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ አወጣው። በሙኒክ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረው ጌኦርግ ኬርሸንሽታይነርም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የተማሪዎችን ሥዕሎች አሰባስቦ ከመረመረ በኋላ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1905 አሳተመ።

ፈረንሳዊው ዦርዥ አንሪ ሉኬ ደግሞ የገዛ ልጁን ሥዕሎች ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ጥናትና ኋላም በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ መሠረታዊ ነገር አስረዳ። ሕፃን ልጅ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ቤት ሲሥል በግድግዳው ውስጥ ምድጃውንና እናቱን ጭምር ያሳያል፤ ምክንያቱም በውስጥ መኖራቸውን ያውቃል። ይህ ጥናት ለክፍል መምህር ያለው ትርጉም ግልጽ ነው። ቀድሞ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ በቀይ እርሳስ ይሰረዝ የነበረው ነገር፣ የልጁን አስተሳሰብ የሚያመለክት ማስረጃ ሆነ።

የቪየናው ክፍልና ያስከተለው ጥያቄ

ይህን ዕውቀት ወደ ማስተማር ሥራ በመለወጥ ስሙ የገነነው ፍራንዝ ቺዤክ (እ.ኤ.አ. 1865–1946) ነው። በቦሄሚያ ሊቶሜርዢሴ በምትባል ከተማ ተወልዶ ሥዕል ለመማር ወደ ቪየና የመጣው ቺዤክ፣ ተከራይቶ ይኖርበት በነበረው የአናጢ ቤት ልጆቹ ቀለሙንና እርሳሱን እየወሰዱ ሲሥሉ ይመለከት ነበር። በመስኮቱ ትይዩ በነበረ የእንጨት አጥር ላይም የሠፈሩ ልጆች ሲሥሉ አየ። በሥዕል ትምህርት ቤት ከሚሠራው ይልቅ በአጥሩ ላይ የሚሠራው ሕይወት ያለው መሆኑን ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1897 ፈቃድ አግኝቶ የሕፃናት የሥዕል ክፍል ከፈተ፤ ክፍሉም ኋላ በቪየና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥር ተጠቃለለ። ልጆቹ በዕረፍት ቀናቸው ያለ ክፍያ እየመጡ ይሥላሉ፣ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ በእንጨትና በሊኖሌም ላይ እየቀረጹ ያትማሉ፣ ጭቃ ያድቦለቡላሉ፣ ይጠልፋሉ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የቪየና ልጆች በረሃብ በተጎዱበት ወቅት፣ ለእነርሱ ገንዘብ ለማሰባሰብ እ.ኤ.አ. በ1920 የክፍሉ ሥራዎች በለንደን ለሕዝብ ታዩ፤ ከዚያም በልዩ ልዩ ከተሞች ዞሩ። ለብዙ መምህራን ሕፃን ልጅ የራሱ የሆነ ጥበብ እንዳለው መጀመሪያ ያሳያቸው ይህ ኤግዚቢሽን ነው።

ነገር ግን ሥራዎቹን አተኩረው የተመለከቱ አንዳንድ ሰዎች አንድ ጥያቄ አነሡ። ልጆቹ ነፃ ከሆኑ ሥራቸው ለምን ይመሳሰላል? ለምንስ የጊዜውን የቪየና ጌጣጌጥ ይመስላል? ጥያቄው ተገቢ ነበር። ቺዤክ ከሰሌዳ አላስገለበጠም፤ ሆኖም ርእሱን የሚመርጠው፣ ሥራውን የሚያመሰግነውና ለግድግዳ የሚመርጠው እርሱ ነበር። ልጅም መምህሩ በምን እንደሚደሰት በፍጥነት ይረዳል። ስለዚህ ሞዴሉን ከሰሌዳው ላይ ማጥፋት ብቻውን የመምህሩን እጅ ከልጁ ሥራ ላይ እንደማያነሣ ከቪየናው ክፍል መማር ይቻላል።

የተለየ መንገድ የተከተለችው እንግሊዛዊቷ ማሪዮን ሪቻርድሰን (እ.ኤ.አ. 1892–1946) ናት። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ደድሊ በምትባል የኢንዱስትሪ ከተማ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ስታስተምር፣ አንድን ትዕይንት፣ ለምሳሌ በመብራት የደመቀ የምሽት ገበያን፣ በቃል ትተርክና ተማሪዎቿ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያዳምጡ ታደርግ ነበር። ከዚያም እያንዳንዷ በኅሊናዋ የታያትን ትሥላለች። ቃሉ የመምህርቷ ነው፤ ሥዕሉ ግን የተማሪዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ታዋቂው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ሮጀር ፍራይ ሥራዎቹን ተመልክቶ በለንደን ለሕዝብ እንዲታዩ አደረገ። ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1930 የለንደን ትምህርት ቤቶች የሥዕል ተቆጣጣሪ በሆነች ጊዜ ዘዴዋ ወደ ተራዎቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ተስፋፋ፤ በ1938 በከተማው የተደረገው ታላቅ የተማሪዎች የሥዕል ኤግዚቢሽንም ውጤቱን አሳየ።

በቴሬዚን የተደረገው ትምህርት

የሕፃናት ሥዕል ምን ያህል እንደሚጠቅም የተፈተነበት ከሁሉ የከበደ ስፍራ ግን ትምህርት ቤት አልነበረም። ቺዤክ ከተወለደባት ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው የቴሬዚን ምሽግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች አይሁዶችን ያጎሩባት ከተማ ሆና ነበር። ከዚያ ብዙዎቹ ወደ ሞት ካምፖች ይላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1942 ከባሏ ጋር ወደ ቴሬዚን ከተጋዙት አንዷ ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ ናት። በ1898 በቪየና ተወልዳ በወጣትነቷ የቺዤክን ትምህርት ተከታትላ፣ ኋላም በዮሐንስ ኢተን ዘንድና በባውሃውስ ትምህርት ቤት ሠልጥና ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የተፈቀደው ጓዝ 50 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ እርስዋ ከጓዟ ብዙውን የሥዕል መሣሪያ አደረገችው።

በቴሬዚን ለሕፃናት መደበኛ ትምህርት መስጠት ክልክል ነበር፤ ሥዕል፣ መዝሙርና የእጅ ሥራ ግን አልተከለከሉም። ፍሪድል በየሕፃናቱ ማደሪያ እየዞረች አስተማረች። ወረቀት ባለመኖሩ ልጆቹ ያገለገሉ የቢሮ ቅጾችን ጀርባ ይጠቀሙ ነበር፤ ቀለም ሲጠፋም ቅጾቹን ራሳቸውን እየቀደዱና እየለጠፉ ሥዕል ይሠሩ ነበር። ትምህርቱ የሚጀመረው እጅን በሚያፍታታ የመስመር ልምምድ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጁ ቤቱን፣ አበባን፣ የምግብ ጠረጴዛን፣ ባቡርን፣ ሜዳን እንደ ታየው ይሥላል። በሥራውም ላይ ስሙን እንዲጽፍ ታበረታታው ነበር። በአንድ ተራ ክፍል ስምን መጻፍ ቀላል ነገር ነው፤ ሰው በቁጥር በሚጠራበት ስፍራ ግን ስምን መጻፍ ሰውነትን መመስከር ነበር።

ፍሪድል እ.ኤ.አ. በ1943 በዚያው በቴሬዚን ስለ ሕፃናት ሥዕል ለሌሎች አስተማሪዎች ንግግር አድርጋ ነበር። የሥዕል ትምህርት ዓላማው ልጆችን ሁሉ ሠዓሊ ማድረግ ሳይሆን፣ የፈጠራ ኃይላቸውንና በራስ መቆምን መቀስቀስ፣ ማስተዋላቸውንም ማዳበር መሆኑን ገለጸች። ትልልቆች የራሳቸውን መንገድ በልጁ ላይ በችኮላ እንዳይጭኑም አስጠነቀቀች። በቪየናው ክፍል ላይ ለተነሣው ጥያቄ የእርስዋ ሥራ መልስ ይሰጣል። ልምምዱን፣ ቁሳቁሱንና ሥርዓቱን መምህሩ ይሰጣል፤ ፍሬ ነገሩን ግን ልጁ ያመጣል።

በ1944 መኸር ባሏ ወደ ሌላ ካምፕ ሲላክ ፍሪድል እርሱን ለመከተል በፈቃዷ ተመዘገበች፤ በጥቅምትም ወር በአውሽዊትዝ-ቢርከናው ተገደለች። ባሏ ከጦርነቱ ተርፏል። ከተማሪዎቿ አብዛኞቹ አልተረፉም። ከመሄዷ በፊት በሁለት ሻንጣዎች የተቀመጡት 4,500 ያህል ሥዕሎች ግን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፕራግ ደርሰው፣ ዛሬ በዚያ ባለው የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። ከብዙዎቹ ልጆች በገዛ እጃቸው የተሠራ ሌላ ነገር አልቀረም። ሥዕሎቹ ግልባጭ ቢሆኑ ኖሮ ስለ ልጆቹ የሚነግሩን ምንም ነገር ባልኖረ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ

ከኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1938 ተሰድዶ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ በ1947 ባሳተመው የፈጠራና የአእምሮ ዕድገት መጽሐፍ የሕፃናትን ሥዕል በዕድሜ ደረጃዎች ከፈለ። ከሁለት እስከ አራት ዓመት የመሞነጫጨር፣ ከአራት እስከ ሰባት ቅርጽ የማግኘት፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ የራስን ምልክት የማጽናት ጊዜ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ልጁ ሥራውን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማወዳደር ስለሚጀምር ራሱን መተቸት ያበዛል። አንድ ልጅ «እኔ ሥዕል አልችልም» ማለት የሚጀምረው በዚህ ዕድሜ፣ ማለትም በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ገደማ ነው። ሎወንፌልድ ታትሞ የሚሰጥን ሥዕል ቀለም ማስቀባት የሚያስከትለውን ጉዳት በምሳሌ አሳይቷል። በራሱ መንገድ ወፍ ይሥል የነበረ ልጅ የታተመ ወፍ ከቀባ በኋላ የራሱን ወፍ ትቶ የታተመውን መድገም ይጀምራል።

እንግሊዛዊው ኸርበርት ሪድ እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው መጽሐፍ ጥበብ የትምህርት ሁሉ መሠረት እንዲሆን ጠየቀ። ዩኔስኮ በ1951 በብሪስቶል ከተማ የሥዕል ትምህርትን የተመለከተ ዓለም አቀፍ ሴሚናር አካሄደ፤ በ1954ም የሥነ ጥበብ ትምህርት ዓለም አቀፍ ማኅበር ተመሠረተ። ይሁን እንጂ በብዙ ክፍሎች ነፃነት ማለት ወረቀትና ቀለም ሰጥቶ ልጁን መተው ሆኖ ተተረጎመ። ስለዚህም በ1980ዎቹ በአሜሪካ የተነሣ ሌላ እንቅስቃሴ ልጆች ከመሥራት ጋር የሌሎችን ሥራ ማየት፣ መመርመርና ታሪኩን ማወቅ እንደሚገባቸው አሳሰበ። መተውም ሆነ ማዘዝ፣ ሁለቱም ማስተማር አለመሆናቸው በዚህ ጊዜ ተረጋገጠ።

በአገራችን

በኢትዮጵያ ግልባጭ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ብቻ የገባ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ ቀለም እየበጠበጠ፣ የቅዱሳንን መልክ እየገለበጠ ነው ሙያውን የሚወርሰው። ይህ የተቀደሰ መልክ ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲተላለፍ የሚያደርግ፣ በራሱ ቦታ ትክክለኛ የሆነ ዘዴ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤተሰብ የተወለዱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ የነባሩንና የዘመናዊውን ሥልጠና አገናኝተዋል። ሆኖም ሁለቱም ሙያተኛ የሚያወጡ ናቸው። የአንደኛ ደረጃ ክፍል ዓላማው ሙያተኛ ማውጣት ስላልሆነ የሙያተኛውን ዘዴ እንዳለ መውሰድ አይገባውም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በታችኛዎቹ ክፍሎች ሥዕልና ሙዚቃ ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተጣምረው እንዲሰጡ ሲደረግ፣ ኃላፊነቱ የወደቀው በሥዕል ባልሠለጠነው የክፍል መምህር ላይ ነው።

ለዚህ መምህር ሁለት ነገሮች ይረዱታል። አንደኛው ቁሳቁስ በአካባቢው መኖሩ ነው። ልጃገረዶች ስንደዶና አክርማ ቀለም እየነከሩ ስፌት ይሰፋሉ። እረኞች ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬና ላም ይሠራሉ። የከተማ ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ይገጣጥማሉ። ከሰል፣ ቀይ አፈር፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ እንደ ብሩሽ የሚያገለግል እንጨት የትም አሉ። በቴሬዚን በቅጽ ጀርባ የተሣለውን የሚያስታውስ ሰው የቀለም እጦትን ብቻ ምክንያት ሊያደርግ አይችልም።

ሁለተኛው፣ ልጆቻችን ማንም ሳያዝዛቸው የሚሥሉበት ዕለት ያላቸው መሆኑ ነው። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ አበባ፣ ርግብና መልአክ ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ያበረክታሉ። ርእስ አለ፣ የጊዜ ገደብ አለ፣ ሥራውን የሚቀበል ሰው አለ፤ የአሣሣሉ ጌታ ግን ልጁ ነው። ጥሩ የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚያስፈልገው ሁሉ በዚህ ልማድ ውስጥ ይገኛል። ይሁንና በከተሞች ታትሞ የሚሸጠው ካርድ የልጆቹን ሥዕል ቦታ እየተሻማ መጥቷል።

መደምደሚያ

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት በጥቂት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል። መምህሩ ርእሱን በልጁ ኑሮ ውስጥ ያለ ነገር ያድርገው፤ «ቤት ሣሉ» ከማለት «ትናንት ማታ በቤታችሁ እሳት ዳር እነማን ተቀምጠው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ቁሳቁሱን እንዴት እንደሚይዙት ያሳይ፤ ውጤቱን ግን አያሳይ። ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር መሣል ካስፈለገውም ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት ያጥፋው። ሥራውን በመመሳሰሉ አይመዝን፤ ስለ ሣለው ነገር ልጁን ያናግረው። በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የጎበዞቹ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ይሁን፤ በእያንዳንዱም ላይ የልጁ ስም ይጻፍበት።

ይህ ከተደረገ በአንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ቤቶች ሲሣሉ የአንዱ ጣሪያ ሣር፣ የሌላው ቆርቆሮ ይሆናል። በአንዱ ደጃፍ አህያ ትቆማለች፤ በሌላው ግድግዳ ውስጥ እናት እንጀራ ስትጋግር ትታያለች። አንዳንዱ ቤት ያዘነበለ፣ አንዳንዱም ከሰውየው ያነሰ ይሆናል። መምህሩም በስድሳዎቹ ሥዕሎች አማካይነት ስድሳ ተማሪዎቹን፣ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በየቤታቸው ይጎበኛቸዋል።